ብረት ድስቱ ለምን እንደተንሳፈፈ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አቃቂም ዝናቡ አባርቶ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። ባሕር ዳር ወደ አክስትሽ ከመሄድሽ በፊት ዕቃ ስታጥቢ፣ ብረት ድስቱ ሳፋው ውስጥ ሲንሳፈፍ ማንኪያው ለምን እንደሚሰጥም ጠይቀሽኝ፣ እኔም ሳላስብ «ቀላል ነገር ይንሳፈፋል፣ ከባድ ነገር ይሰጥማል» ብዬሽ ነበር። አንቺም «ድስቱ እኮ ከማንኪያው ይከብዳል» ብለሽ ዝም አልሽ። ልክ ነበርሽ፤ ያን ቀን የነፈግሁሽን መልስ ዛሬ ልጻፍልሽ።

ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ውኃውን ገፍቶ ቦታ ይይዛል፤ ውኃውም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሚገፋበትም ኃይል ከቦታው ከለቀቀው ውኃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የደረሰበት የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ፣ የሲራኩሱ አርኪሜዲስ ነው። ወደ ጥልቅ በተወረደ ቁጥር የውኃ ግፊት ስለሚጨምር፣ ውኃው የዕቃውን ታች ከላዩ ይልቅ አበርትቶ ይገፋዋል፤ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የሚመጣውም ከዚህ ነው። ማንኪያው ድፍን ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ በመጠን ከሚተካከለው ውኃ 8 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ የገፋው ጥቂት ውኃ ሊሸከመው አይችልም። ድስቱ ግን ሆዱ አየር ስለሆነ ብዙ ውኃ ይገፋል፤ የገፋው ውኃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እስኪስተካከል ድረስ ይጠልቅና እዚያው ይቆማል።

ከጓሮው ጉድጓድ ስትቀጂ፣ የሞላው ባልዲ ውኃው ውስጥ ሳለ ቀሎሽ፣ ልክ ብቅ ሲል እጅሽን እንደሚጎትተው ታስታውሻለሽ? ከውስጥ ሳለ በባልዲው ያለውን ውኃ የሚሸከምልሽ በዙሪያው ያለው ውኃ ነው። 20 ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን ባዶውን ከድነሽ በርሜል ውስጥ ለመድፈቅ ብትሞክሪ ደግሞ፣ 19 ኪሎ ያህል ሸክም መጫን ይጠይቅሻል።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ብነግርሽ ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል። ሊነጋጋ ሲል የውኃ ድምፅ ቀስቅሶኝ ብወጣ፣ ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ግቢው ጨቅይቷል። መሰላል አቁሜ ክዳኑን ብከፍት፣ ውኃው ሲሞላ ከፍ ብሎ መስመሩን የሚዘጋው የፕላስቲክ ኳስ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ፈትቼ ሳወዛውዘው ሆዱ ውስጥ ውኃ ይንቦጫረቃል፤ በመጋጠሚያውም ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው። የኳሱ መጠን ያው ነው፣ ውኃውም እንደ ድሮው ሊገፋው ይችላል፤ የተለወጠው ክብደቱ ነው፣ አየሩ ወጥቶ ውኃ ስለገባበት። ያን ኳስ በእጄ ይዤ ቆሜ ድስትሽ ትዝ አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

እዚያ በጣና ላይ የምታዪው የደንገል ታንኳም እንዲሁ ነው። ደንገል ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ሰውና ሸክም ይሸከማል፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ይከብዳል፣ ስለዚህም ከውኃ አውጥተው ያደርቁታል። ከአክስትሽ ጋር ወደ ሐይቁ ስትወርዱ፣ አደራ ከዳር ሆነሽ፣ ባዶው ታንኳና ሸክም የጫነው ምን ያህል እንደሚጠልቁ አስተያዪና ጻፊልኝ።

አባትሽ