ስትሮክ ለጣለው ሰው አጥሚቱ ይቆየው

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ስትሮክ ሲወራ ነገሩ «ጨው ቀንሱ፣ ግፊታችሁን ተለኩ» ላይ ያልቃል። ትክክል ነው፣ ክርክር የለኝም። እኔ ግን በውስጥ ደዌ ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ከወደቀ በኋላ ስላለው የመጀመሪያ ሳምንት ብዙም ሲነገር አልሰማም። ብዙ ሰው የሚያልፍብን ደግሞ ያኔ ነው።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸው ጠመም ብሎ ማታ ገቡ። ነቅተዋል፣ ሰው ይለያሉ። ሲቲ ስካኑም ደም መፍሰስ አላሳየም። «እኚህስ ይተርፋሉ» ተባብለን ነበር። ጠዋት ባለቤታቸው በፔርሙስ አጥሚት ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ ሰው በባዶ ሆዱ ምን አቅም ይኖረዋል?» አሉኝ። ሌላ አልጋ ጋ ደርሼ ስመለስ አባት በጀርባቸው እንደተኙ በማንኪያ ይጎርሳሉ። ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታ መታ አደረጓቸውና ቀጠሉ። በ3ኛው ቀን ትኩሳት መጣ፣ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያ ኦክስጅን። ሳምንት ሳይሞላቸው በሳንባ ምች አረፉ።

ባለቤታቸውን አልወቅስም። ማን ነገራቸው? መንገር የነበረብን እኛ ነን፣ እኔም አለሁበት።

ስትሮክ እጅና እግር ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ጉሮሮንም ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በደንብ መዋጥ አይችሉም። የአየር ቧንቧው በወጉ ስለማይዘጋ የጎረሱት ወደ ሳንባ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ጉሮሮው ስለደነዘዘ ጭራሽ አይስልም። ስለዚህ «ሳያስለው ዋጠ» ማስተማመኛ አይሆንም።

በእርግጥ ከእጃችን የወጣም አለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት፣ ራሱን ስቶ የመጣ፣ ቀድሞ ልቡ የታመመ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው አደጋው ይከፋል። ንቃትን የምንለካው ከ15 ነጥብ ነው፤ 15 ሙሉ ንቃት ማለት ነው። 8 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ለገባ ሰው እኛም እንፈራለን። የተዘጋ የደም ሥር የሚከፍተው መድኃኒት ደግሞ ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው። ከገጠር በሪፈር ሦስት ቦታ ዞሮ ለሚደርስ ሰው ይኼ ቀልድ ነው።

ትኩሳት፣ ስኳርና መዋጥ ግን ትልቅ ማሽን አይፈልጉም። አውስትራሊያ ውስጥ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ነርሶቹ ለ72 ሰዓት እነዚህን ሦስቱን ብቻ በሥርዓት ተከታተሉ። ከ3 ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት 42 በመቶ ነበሩ፤ እንደ ወትሮው በታከሙት ዘንድ 58 በመቶ። ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያና የሻይ ማንኪያ እኛም አለን። (የአልጋው ማንሻ ተሰብሯል፤ ብርድ ልብስ አጥፈን ከጀርባቸው እንደግፋለን።)

የመዋጥ ምርመራው ይኼው ነው። የነቃ ታማሚ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ በሻይ ማንኪያ ውሃ ይሰጠዋል፣ ያዩታል። ካሳለው ወይም ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ በአፉ ምንም አይገባም፣ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። ይህን የሚያደርገው ግን የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ከወደቀባት ደቂቃ ጀምሮ ስኳር በውሃም፣ ኮካም፣ የግፊት ክኒንም፣ አስፕሪንም ይቆይ። ጠበሉን ቢቀቡት፣ ዘምዘሙን ግንባሩ ላይ ቢያፈሱለት ፈጣሪ የሚከፋ አይመስለኝም።

አሁን እኛ ክፍል የጓንት ካርቶን ቀደን «በአፍ ምንም አይሰጥ» ብለን በማርከር እየጻፍን ራስጌ ላይ እንለጥፋለን። ፕላስተሩ ቶሎ ይለቃል። ባለፈው አንድ እናቱን የሚያስታምም ልጅ የወደቀውን ካርቶን በጫማው ክር ከአልጋው ብረት ጋር አስሮት አገኘሁ። ሊጠይቅ የመጣውን ዘመድ ሁሉ ጁሱን እየተቀበለ መስኮቱ ላይ ደርድሮታል።

የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ (ስሜ ይቆይ)