ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፦ ለወላጆችና አሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አትደንግጡ፣ ይህ ደብዳቤ ስለ ክፍያም ስለ ፈተናም አይደለም። ልጆቻችሁ በስልክና በቴሌቪዥን ስለሚያዩትና ስለሚሰሙት ነገር ነው። የትንንሾቹ ክፍል መምህራን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኛል። ልጁ ጠዋት እንቅልፉን ሳይጠግብ ይመጣል። ሲጠየቅ ማታ ያየው ቪዲዮ አስፈርቶታል። ወላጅ ሲጠየቅ ደግሞ "ኧረ ምንም የለውም፣ ካርቱን እኮ ነው" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ለልጅ ቪዲዮ ስንመርጥ ብዙዎቻችን የምናጣራው ታሪኩን ነው። ድብድብ አለው? ስድብ አለው? ከሌለው "ይሁን፣ ይይ" እንላለን። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ብዙ ጊዜ የልጁን ልብ ድው ድው የሚያሰኘው ከጀርባ ያለው ሙዚቃና የምስሎቹ አቀማመጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትስ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ አጭር አኒሜሽን ለሰዎች አሳዩ። በውስጡ ያሉት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንዲት ትንሽ ክብ እና በር ያለው ሳጥን ብቻ ናቸው። ፊት የለ፣ ዓይን የለ፣ ድምፅ የለ። ተመልካቾቹ ግን ታሪክ ፈጠሩለት። ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ ሆነ። ትንሿ ክብ ፈርታ ሸሸች። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ማርሻልና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው አኒሜሽን ላይ ሙዚቃ ጨመሩበት። ሙዚቃው ሲቀየር ተመልካቾች ለቅርጾቹ የሚሰጧቸው ጠባይም አብሮ ተቀየረ። ምስሉ ያው ነው፤ ጆሮ የሰማው ነው የተለየው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ተመልካቾች አዋቂዎች ናቸው።

ምስልም እንዲሁ ነው። ምንም የማይነበብበት አንድ ፊት ከሬሳ ሣጥን ምስል ጋር ሲያያዝ ያዘነ ይመስለናል። ያው ፊት የምትጫወት ሕፃን ምስል ሲከተለው ደስ ያለው ይመስለናል። ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንን ነው። የፊልም ባለሙያዎች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል፤ በየቀኑም ይሠሩበታል።

ልጆች ሙዚቃ የሚነግራቸውን ነገር የሚይዙት እኛ ከምናስበው በጣም ቀድመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 7 ወር ገደማ ለሆነ ሕፃናት ከማያውቁት አገርና ቋንቋ የመጡ እሹሩሩዎችን አሰማ። ሌላ ዓይነት ዘፈን ከሰሙበት ጊዜ ይልቅ እሹሩሩ ሲሰሙ የልባቸው ምት ረገብ ብሎ ተገኘ። 5 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ፈጣን ሙዚቃን ከደስታ፣ ዝግ ያለውን ከሐዘን ጋር ያያይዛሉ። ከ6 እስከ 8 ባለው ዕድሜ ደግሞ በቅኝቱ ጭምር መለየት ይጀምራሉ።

ስሜቱ ቶሎ ይገባቸዋል። ያልገባቸው ስሜቱን ማን እንዳመጣው ነው። የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ "ይህን ሙዚቃ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እኔን ለማስፈራት መረጠው" ብሎ አያስብም። ፈርቷል፣ ስለዚህ አደጋ አለ። ለእሱ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። ይህን የሚያውቅ አዋቂ አጠገቡ ከሌለ ፍርሃቱን ይዞ ይተኛል።

ስለዚህ ለልጃችሁ ቪዲዮ ስትመርጡ ጥቂት ደቂቃ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ከዚያ ደግሞ ስክሪኑን ገልብጣችሁ ድምፁን ብቻ ስሙት። ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማችኋል። በሥዕሉ ያማረና የሳቀ ሁሉ በድምፁ ሲሰማ አንዳንዴ ጩኸትና ድንጋጤ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ፍርሃት ልምጣ፤ ወላጆች ብዙ የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ነው። ትንንሽ ልጆች የሚፈሩት መልክን ነው። ሲንቲያ ሆፍነርና ጆአን ካንተር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት ለልጆች አንዲት አሮጊት የምትታይባቸው የተለያዩ ቪዲዮዎች ቀረቡ። በአንዳንዶቹ መልኳ ያስፈራል፣ በሌሎቹ ያምራል። ደግሞ አንዴ ደግ፣ አንዴ ጨካኝ ሆና ትታያለች። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት በመልኳ ፈረዱ፤ ከፍ ያሉት ግን ሥራዋን እያዩ። የአራት ዓመት ልጃችሁ ደግ የሆነውን አስቀያሚ ፍጡር ፈርቶ ቢያለቅስ ታሪኩ ስላልገባው ብቻ አይደለም። ዕድሜው ነው።

ለዚህም ነው "አይዞህ፣ የውሸት ነው እኮ" ማለት ለትንንሾቹ እምብዛም የማይሠራው። በቃል "አዎ የውሸት ነው" ይሏችኋል፤ መንቀጥቀጡ ግን አይቆምም። እነሱን የሚያረጋጋው ሌላ ነው። እቀፏቸው። ከክፍሉ ይዛችኋቸው ውጡ። የሚወዱትን አሻንጉሊት ስጧቸው፣ ውኃ አጠጧቸው፣ አብራችሁ ዝፈኑ። አዎ፣ ዝፈኑ። ድምፃችሁ ባያምርም ልጁ ግድ የለውም። 8 ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ለሆኑት ማስረዳት ይሠራል፦ ቀለም ነው፣ ጭምብል ነው፣ ድምፁም ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ነው። እነዚህኞቹ ደግሞ የሚፈሩት ሊደርስ የሚችለውን ነገር ስለሆነ ዜና ይበልጥ ይረብሻቸዋል። ዜና ካነሳን አይቀር፣ ትንንሾቹ ተደጋግሞ የሚታይን አደጋ እንደገና የተከሰተ አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ ባይጮህ ይመረጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በቁጣ ልጻፍ። ልጅ ሲደነግጥ ያስቃል ተብሎ በድንገት የሚጮህ ቪዲዮ የማሳየት ልማድ አለ። አንዳንዶች ልጁ ሲያለቅስ ቀርጸው ይለጥፉታል። እባካችሁ ተዉት። ታላላቆችንም አስተውሏቸው፤ ታላቅ የሚያየውን ታናሽ ከጎን ሆኖ ያያል።

የምስሉ ፍጥነትም ሌላ ጉዳይ ነው። አንጀሊን ሊላርድና ጄኒፈር ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ2011 የ4 ዓመት ልጆችን ለ9 ደቂቃ ያህል በጣም ፈጣን ካርቱን አሳዩ። ወዲያው ትኩረትና ራስን መግታት የሚጠይቅ ሥራ ሲሰጣቸው፣ በዚያው ሰዓት ሥዕል ሲስሉ ከቆዩት ልጆች ያነሰ ውጤት አመጡ። ጥናቱ የለካው ወዲያው ያለውን ብቻ ነው፤ ለእኛ ግን ይበቃናል። ወደ ትምህርት ቤት እየመጡ መኪና ውስጥ ስልክ ባይሰጣቸው፣ የቤት ሥራ ሊጀምሩ ሲሉም ካርቱን ባይከፈትላቸው ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ልጆች የሚያሳዝን ነገር እንዳያዩ ከሚሹት ወገን አይደለሁም። ሆድ የሚያባባ ዜማ ሰምቶ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ልጅ አልተጎዳም። አጠገቡ "ምን ተሰማህ?" የሚለው ሰው ካለ እንዲያውም ትልቅ ነገር ተማረ። በትንሹ መፍራትም፣ ልጁ ፈልጎት ከሆነና ሲበቃው ማቆም ከቻለ፣ ጨዋታ ነው።

በዚህ መንፈስ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች የሙዚቃና የሥዕል ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ልንጀምር ነው። መምህሩ አንድ ልጅ በኮሪደር ሲሄድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ያቀርባል። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ በደስታ ሙዚቃ፣ በመጨረሻ ልብ በሚሰቅል ሙዚቃ። ተማሪዎቹ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ በየጊዜው ይጽፋሉ። ከዚያ የጻፉትን ያስተያያሉ። ልባቸውን የሚያስደነግጥ ነገር አይኖርበትም። ቀጥሎ በቡድን ሆነው ለራሳቸው ሥዕል ሙዚቃ ይመርጣሉ። ስሜት እንዴት እንደሚሠራ በእጁ የሞከረ ልጅ ቤት ሲመጣ ፊልም እያያችሁ "ሙዚቃው ተቀየረ፣ አሁን ሊያስደነግጡን ነው" እያለ ቢያስቸግራችሁ ታገሡት።

ቪዲዮዎቹን አስቀድማችሁ ማየት የምትፈልጉ ወላጆች ቢሮ ብቅ በሉ። ልጃችሁ ባየው ነገር ፈርቶ ያደረ ቀን ደግሞ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ጻፉልን፦ ምን እንዳየና እናንተ ምን ስታደርጉለት እንደተረጋጋ። የክፍል ኃላፊ መምህሩ በዚያ ቀን ለልጁ የሚያደርገውን ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር