የመውለጃ ሆስፒታል ስትመርጡ የሌሊቱን ተረኛ ጠይቁ

ክቡር አዘጋጅ፣

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማችን መሐል ለምትኖር ነፍሰ ጡር የመውለጃ ቦታ በአቅራቢያዋ ሞልቷል። ጋንዲ፣ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12፣ በየወረዳው ያሉት ጤና ጣቢያዎችና የግል ሆስፒታሎቹ ሁሉ መንገዱ ሲለቀቅ የደቂቃዎች ጉዞ ናቸው። ምርጫው ሲበዛ ግን መካሪውም ይበዛል። ጎረቤት የወለደችበት፣ ክፍሉ ያማረ፣ ክትትል ያደረገላት ሐኪም ስሙ የተጠራ እየተባለ ይወሰናል። እኛ በማዋለጃ ክፍል የምንሠራ አዋላጅ ነርሶች ለአንባቢዎቻችሁ ማስጨበጥ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የመውለጃ ቦታ መመረጥ ያለበት ምጡ ያልታሰበ መንገድ ሲይዝ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሌሊት፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ታይቶ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያታችን ደም ነው። በዘጠነኛው ወር በእናት ማህፀን ውስጥ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀኑ ጨብጦ ካልጠነከረ ያ ሁሉ ደም መውጫ ያገኛል፤ በደህና ተገላገለች ተብሎ እልል የተባለላት ሴት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሷን ልትስት ትችላለች። ለዚህ ነው ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን የምትወጋው። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት እየጠፋ በሚሞቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ፣ ወይም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ለሳምንታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ኦክሲቶሲን ጉልበቱን ያጣል። መርፌው ተወግቶም ማህፀኑ የማይጨብጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አልቋልና ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ ፋርማሲው ከማቀዝቀዣ ማውጣቱን አይታችሁ፣ ከበረዶ ጋር ይዛችሁ፣ ሌላ ቦታ ሳትቆሙ አምጡት።

መድኃኒቱ ያልመለሰው መድማት ደም መስጠትን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሆስፒታሎቹ በጣም ይለያያሉ። «ደም እዚሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አላችሁ ወይስ ሰው ተልኮ ከደም ባንክ ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚላክ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል፣ መጠየቂያ ወረቀት ይሞላል፣ ደሙ ከእናቲቱ ደም ጋር መስማማቱ ይመረመራል፣ ከዚያ መንገዱ አለ። ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስ መለኪያው) ከ11 በታች የሆነ እናት ይህን ሁሉ የምትጠብቅበት አቅም ትንሽ ነው። ስለዚህ የደም ማነሱ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር በአይረን እንክብል መታከም አለበት፤ በዘጠነኛው ወር ቢጀመር ዋጋው ትንሽ ነው። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነች ደግሞ ለሾተላይ መከላከያው መርፌ ቀድማ ታስብ። በ28ኛው ሳምንትና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መውሰድ አለባት። መርፌው በየፋርማሲው አይገኝም፤ ስለዚህ የምትወልድበት ቤት በዕለቱ ያስቀምጥላት እንደሆነ በስምንተኛው ወር ትወቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ ኦፕራሲዮን ነው። «ሃያ አራት ሰዓት እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ በየበሩ አለ። መጠየቅ ያለበት ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሷ ሕንጻው ውስጥ ናቸው ወይስ በስልክ ከቤታቸው ይጠራሉ የሚለው ነው። የልጁ የልብ ምት ሲወርድ ከውሳኔ እስከ ምላጭ 30 ደቂቃ እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ ሰመመን ሰጪው ከአያት ወይም ከጀሞ የሚመጣ ከሆነ ይህ አይደርስም። በትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሐኪሞች ሌሊቱን እዚያው ያድራሉ፤ እዚያ የሚያዘገየው ወረፋ ነው፤ አንዷ ጠረጴዛ ላይ ሳለች ሌላዋ ትጠብቃለች። በትንንሾቹ የግል ሆስፒታሎች ክፍሉ ባዶ ነው፤ የሚጠበቀው ሰው ነው። ሁለቱም መዘግየት ነው። በእኛ ግምት ግን ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን ለወለደችና አሁን በምጥ መሞከር ለምትፈልግ እናት ባለሙያው ውስጥ የሚያድርበት ቤት ይሻላል፤ አልጋው ጠባብ፣ ኮሪደሩ የተጨናነቀ ቢሆንም። የቀድሞው ጠባሳ ሲከፈት ስልክ የሚደወልበት ጊዜ የለምና።

ሦስተኛው የልጁ ጉዳይ ነው። «ማሞቂያ አለን» የሚለው መልስ አይበቃም። ከ37 ሳምንት በፊት ለሚወለድ ልጅ ኦክሲጅን፣ መተንፈሻ የሚያግዘው ሲፓፕና ሌሊቱን ከጎኑ የማትለይ ነርስ ሊያስፈልጉት ይችላሉ። ክፍሉ መኖሩን ብቻ ሳይሆን አልጋ የሚሞላው በስንት ልጅ እንደሆነና ሲሞላ ወደየት እንደሚላክ ጠይቁ። ከተወለደ በኋላ በታክሲ በእቅፍ የሚዞር ያልደረሰ ልጅ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ሲወርድ አተነፋፈሱና የስኳር መጠኑም ይዛባሉ። ምጡ ያለጊዜው ከመጣ እናቲቱ ልጁን በሆዷ እንደያዘች መዛወሯ በብዙ ይበልጣል። ከ34 ሳምንት በታች ከሆነች ለልጁ ሳንባ የሚሰጠውን ዴክሳሜታዞን፣ በየ12 ሰዓቱ 6 ሚሊ ግራም 4 ጊዜ የሚወጋውን፣ የመጀመሪያውን መርፌ ከመነሣቷ በፊት ወስዳ፣ ሰዓቱ በሪፈር ወረቀቷ ላይ መጻፉን አይታ ትሂድ።

ጤና ጣቢያን የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ ይህ ያሳዝነናል። ጤናማ እርግዝና ያላት፣ ልጁ በጭንቅላቱ የመጣላት፣ ከ37 እስከ 41 ሳምንት ላይ ያለች እናት በሰፈሯ ጤና ጣቢያ በደህና ልትወልድ ትችላለች፤ አገልግሎቱም ነፃ ነው። ጤና ጣቢያ ሊያደርጋቸው የሚገባ 7 ነገሮች አሉ፤ አንቲባዮቲክ፣ ማህፀን የሚያጨብጥ መድኃኒትና ለሚያንቀጠቅጥ የደም ግፊት ማግኒዥየም ሰልፌት በመርፌ መስጠት፣ የቀረ እንግዴ ልጅ በእጅ ማውጣት፣ የማህፀን ቅሪት መጥረግ፣ በቫኪዩም ማዋለድ፣ ያልተነፈሰ ሕፃን በአምቡ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) ማስተንፈስ። ደምና ኦፕራሲዮን ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ የቀድሞ ኦፕራሲዮን፣ መንታ፣ በእግሩ ወይም በመቀመጫው የመጣ ልጅ፣ 140 በ90 የደረሰ ግፊት፣ ስኳር፣ የማህፀኑን በር የሸፈነ እንግዴ ልጅ፣ ወይም ባለፈው ወሊድ ብዙ መድማት የነበረባት ከመጀመሪያው ሆስፒታል ትያዝ። የልብ ሕመም ያለባት ደግሞ በሆስፒታልም መካከል ትምረጥ፤ የልብ ሐኪምና የአዋቂ ፅኑ ሕክምና ክፍል በአንድ ግቢ ያለበትን፣ ለምሳሌ ጥቁር አንበሳን፣ ክትትሏን እዚያው በጊዜ ጀምራ።

ወደ መንግሥት ሆስፒታል ማለፍ የሚቀናው በጤና ጣቢያ ክትትል ለያዘች ነው። ሪፈር ሲጻፍላችሁ የሊያዞን ባለሙያው (ታካሚ ማዛወሩን የሚያስተባብረው) ወደሚላኩበት ሆስፒታል ደውሎ አልጋ መኖሩን እንዲያረጋግጥ፣ ያነጋገረውንም ሰው ስም በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁ። ሳይደወል የወጣች እናት ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትዞር ታመሻለች። ካርዷን፣ የደም ዓይነቷንና የመጀመሪያውን የአልትራሳውንድ ወረቀት በአንድ ላስቲክ ውስጥ ትያዝ። የመጀመሪያው ወረቀት የምንለው የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በታየው ስለሆነ ነው። በስምንተኛው ወር የተነሣው ቀኑን በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊያስት ይችላል።

ይህ ስሕተት በግል ሆስፒታሎች ትልቅ ዋጋ ያስከፍላል። በተሳሳተ ቀን ተቆጥሮ ከ39 ሳምንት በፊት በቀጠሮ ኦፕራሲዮን የወጣ ልጅ የመተንፈስ ችግር ይዞት ማሞቂያ ክፍል ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ በአዲስ አበባ 21 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ገጠሩ የሚያጣውን ከተማው ያለ ልክ ይወስዳል። «እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል» ብቻውን ኦፕራሲዮን የሚያስደርግ ምክንያት አይደለም፤ ከአራት ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲሁ ሆኖ በደህና ይወለዳል። «ልጁ ገዝፏል» ከተባለ በአልትራሳውንድ የሚገመት ክብደት እስከ 15 ከመቶ ሊሳሳት እንደሚችል ይታሰብ። «ውሃው አንሷል» ከተባለ ቁጥሩ ይጠየቅ፤ ጥልቁ ቦታ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ነው ወይ? በቂ ምክንያት ያለው ሐኪም ጥያቄ አያስከፋውም። ትክክለኛ ምክንያት ሲኖር ደግሞ ኦፕራሲዮን ነፍስ ያድናል፤ እሱን መፍራትም ሌላ ጉዳት ነው።

ስለ ክፍያ፦ «ጥቅል» የተባለው ውስጥ ምን እንዳለ በጽሑፍ ተቀበሉ። ብዙውን ጊዜ ውጪ የሚቀሩት የሕፃናት ሐኪም፣ ደም፣ ምጡ ወደ ኦፕራሲዮን ሲዞር የሚጨመረውና የልጁ የማሞቂያ ክፍል የቀን ሒሳብ ናቸው። የመጨረሻው በየቀኑ የሚደመር ስለሆነ ቤተሰብ ያላሰበው ዕዳ የሚመጣው ከእሱ ነው።

መንገዱንም አስቡት። መስቀል አደባባይ ዙሪያ በደመራ ዕለትና በትልልቅ ሩጫዎች፣ መሐል ከተማው በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ የስድስት ኪሎና የጃንሜዳ መንገድ በጥምቀት ይዘጋል። የመውለጃ ቀኗ ከእነዚህ ጋር የሚገጥም ሁለተኛ ቦታና ሁለተኛ መንገድ ትያዝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ 40 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲቆይና ይህም ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ሲዘልቅ ትነሣ። የማህፀን በሩ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳለ የደረሰች «ገና ነሽ» ተብላ ብትመለስ ማባረር አይደለም፤ መቼ እንደምትመለስ ሰዓት ታስቆርጥ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ በተለይ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከታየ፣ ራስ ምታቱ ከጠነከረ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ምጥ አይጠበቅም።

ከወለደች በኋላም ገንፎውና አጥሚቱ ሆስፒታል ድረስ ይምጣ እንጂ እሷ 24 ሰዓት ሳይሞላት ቤት አትሂድ። አልጋ ለማስለቀቅ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚያስወጡ አሉ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ማህፀኗ በየ15 ደቂቃው እየተነካ መታየት አለበት፤ አብሯት ያለ ሰው ይህ መደረጉን ይከታተል። ስትወጣ የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትይዝ እንዳትቀር፤ ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ በወረዳ ለማስመዝገብ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የከተማውን ጤና ቢሮ የምንጠይቀው ይህን ነው። ማንኛውም የሚያዋልድ ተቋም የሌሊት ተረኞቹ ውስጥ ያድሩ እንደሆነ፣ ደም ያለው መሆን አለመሆኑን፣ ስንት የጨቅላ ሕፃናት አልጋ እንዳለውና ባለፈው ዓመት ካዋለዳቸው ስንቶቹን በኦፕራሲዮን እንዳዋለደ በበሩ ላይ እንዲለጥፍ ይደረግ። መረጃው በየተቋሙ መዝገብ አለ፤ ወደ ግድግዳው የሚያወጣው ትእዛዝ ብቻ ነው የጎደለው። ጋዜጣችሁም ይህን ጥያቄ ደጋግሞ እንዲያነሣልን እንለምናለን።

እስከዚያው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋው 939 በየቤቱ ይጻፍ። ሲደወል ሰፈርና ምልክት ብቻ ሳይሆን የስንት ሳምንት እንደሆነች፣ ደም ወይም ውሃ እየፈሰሰ መሆኑን፣ የቀድሞ ኦፕራሲዮን ካለባትና ወደየትኛው ሆስፒታል ሪፈር እንደተጻፈላት ይነገር።

ከአክብሮት ጋር
በማዋለጃ ክፍል የምንሠራ አዋላጅ ነርሶች
ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ