እንቁላሉን ያልጠየቀ ቀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በዓል ሲቃረብ «አጭሩን መንገድ ያዙ፣ ርካሹን ግዙ» የሚል ምክር በየጋዜጣው ይበዛል። ምክሩ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው ሂሳብ ነው፤ አንድ ግብ ይዞ ከአማራጮች ሁሉ የተሻለውን መፈለግ። ቀመሩ ግን የነገሩትን እንጂ ያልነገሩትን አይሰማም።

ቅዳሜ ገበያ እንውረድ። ከቤት 100 ሜትር ላይ ጤፍ፣ 300 ሜትር ላይ ሽንኩርት፣ 500 ሜትር ላይ እንቁላል አለ እንበል፤ ሦስቱም በአንድ መንገድ ዳር። ደርሶ መልሱ ያው 1,000 ሜትር ስለሆነ «ርቀት አሳንስ» የተባለ ቀመር ሲሄዱ ቢገዙም ሲመለሱ ቢገዙም ግድ የለውም። ትከሻ ግን ግድ አለው። 25 ኪሎ ጤፍ ሲሄዱ ከተገዛ 900 ሜትር ይሸከሙታል፤ ኪሎውን በሜትር ቢያባዙት 22,500 ይመጣል። ሲመለሱ ከተገዛ 2,500 ብቻ ነው። ስለዚህ ግቡን «ሸክም አሳንስ» ብለን ስንቀይረው ቀመሩ መጀመሪያ እንቁላል፣ ቀጥሎ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ በመጨረሻ ጤፍ ይላል። ሂሳቡ ልክ ነው። ዘንቢሉን ሲከፍቱት እንቁላሉ ከሥር፣ ሽንኩርቱ ከላይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እንቁላል ግን አይለቀምም።

እንቁላሉ ለብቻው በእጅ ይያዝ ብለን ገደብ እንጨምር። አሁን ደግሞ ወፍጮው ትዝ ይለናል። ወፍጮ ቤቱ ከጤፍ ተራው አጠገብ ከሆነ መልሱ ይገለበጣል፦ ጤፉን ሲሄዱ ገዝቶ ወረፋ ማስያዝ፣ ሽንኩርቱና እንቁላሉ እስኪገዛ ማስፈጨት፣ ሲመለሱ ዱቄቱን ማንሳት። የጤፉ ሸክም የመጨረሻዋ 100 ሜትር ብቻ ትሆናለች። ይህን ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ እናቶች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ «ይህ ሲምፕሌክስ የተባለው የኦፕቲማይዜሽን ስሌት ዘዴ ነው» ብሎ የነገራቸው ግን የለም (በእርግጥ ሲምፕሌክስም አይደለም)። ከተማችን ጎንደር ዳገት መሆኗም ይታሰብ፤ መሄጃና መመለሻን እኩል የሚቆጥር ቀመር ከአዘዞ ፒያሳ በእግሩ ወጥቶ አያውቅም።

«ሁሉንም ቅደም ተከተል ልሞክርና ልምረጥ» የሚል ካለ፣ ከጎንደር 44 ታቦት በአንዱ ጀምሮ ሁሉንም ተሳልሞ ወደተነሳበት ለመመለስ ያሉት የዙር ዓይነቶች 3 ከኋላው 52 ዜሮ አስከትሎ ገደማ ናቸው፤ ያውም ቀኝና ግራ መዞርን አንድ አድርገን። ምዕመኑ ጥያቄውን በቀን መቁጠሪያ ፈትቶታል፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም።

ርካሹን መግዛት የሚለው የባሰ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1945 እ.ኤ.አ. ከ77 የምግብ ዓይነቶች ሰውን ዓመቱን ሙሉ የሚያኖረውን ርካሽ ቀለብ አስልቶ 39.93 ዶላር አገኘ፤ ምግቡም ዱቄት፣ የታሸገ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ደረቅ ባቄላ ነው። በ1947 ዘጠኝ ሠራተኞች በጠረጴዛ ማስሊያ ቁጭ ብለው፣ በድምሩ የ120 ሰው-ቀን ሥራ ፈጅተው፣ በአዲሱ የሲምፕሌክስ ዘዴ 39.69 አወጡ። ትርፉ በዓመት 24 ሳንቲም።

የሲምፕሌክስን ዘዴ የፈጠረው የሂሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንትዚግ በኋላ ክብደት ለመቀነስ ለራሱ ሞከረው። ግቡ ጥጋብ ነበር፤ ጥጋብን የለካውም በምግቡ ክብደት፣ ውሃው ተቀንሶ። ሰንጠረዡ አቼቶን «ውሃው ዜሮ» ብሎ መዝግቦት ስለነበር ኮምፒውተሩ 500 ጋሎን አቼቶ አዘዘለት፤ 1,900 ሊትር ገደማ ማለት ነው። አቼቶው ሲሰረዝ በቀን 200 ፍሬ ጨዋማ የሾርባ ኩብ መጣ። ከ3 አይበለጥ ሲባል ወደ 900 ግራም ፉሩሽካ፤ ፉሩሽካው ሲገደብ ያንኑ ያህል ሞላሰስ። እዚህ አገር በፉሩሽካና በሞላሰስ የሚደልበው ሰንጋ ነው። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ ከዚህ አይለፍ ያለው አልነበረም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው በዓል የቁጠባ ምክር ስታወጡ፣ ከዋጋው ዝርዝር ጎን ገደቦቹንም በትንሽ ፊደል አትሙልን፦ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ እንቁላል የለም፤ ጤፍ ሳይፈጭ እንጀራ አይሆንም፤ አቼቶ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ማንኪያ አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር