ከልጃችን አልፋችሁ እኛን ለጠየቃችሁ ሁሉ

ልጃችን መዳህ ጀምራለች። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች፤ በተለይ የአባቷን ስልክ። ጤናዋ ጥሩ ነው። እኛም ደህና ነን። ምስጋናችን የዘገየው ይህችን "እኛም ደህና ነን" የምትለዋን ከልባችን ለመጻፍ ጊዜ ስለወሰደብን ነው።

ለ"እንኳን ደስ አላችሁ" መልእክቶቻችሁ ያኔውኑ መልስ ሰጥተናል። ማለቴ፣ ባለቤቴ ሰጥቷል። ይህኛው ምስጋና ለሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ በደስታ ሰክራለች ብሎ ባሰበበት ሰዓት ደስ እንዳላለኝ ላያችሁ፣ አይታችሁም ላላለፋችሁኝ ነው።

ነገሩን በስሙ ልጥራው። የያዘኝ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነበር። በሐኪም ታይቼ፣ ታክሜ የዳንኩት ሕመም ነው። ባለቤቴም በኋላ ተራው ደርሶታል። ስለ እሱ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ረቂቁን አንብቦ "ይቺን ትንሽ አጋነንሻታል" ያለባት ቦታ አለች። አልቀየርኳትም።

ሲስተር፣ ከእርስዎ ልጀምር። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ስለ እምብርቷ አያያዝና ስለ ጡት አሰጣጥ ነገሩን። ያንን ሁሉም ይናገራል። እርስዎ ግን ቀጠሉ። "በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ላይ ያለ ምክንያት ታለቅሺ ይሆናል፤ አትደንግጪ" አሉኝ። በእርግዝና ጊዜ እጅግ ከፍ ብለው የቆዩት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉ ሆርሞኖች እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በአጭር ጊዜ እንደሚያሽቆለቁሉ አስረዱን። ከወለዱ እናቶች እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ያለ የስሜት መዋዠቅ እንደሚያጋጥማቸው ነገሩን። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር አሉ። "ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሐኪም ጋ ይዘሃት ሂድ። ደህና ነኝ ብትልህም ይዘሃት ሂድ።"

ደህና ነኝ ማለቴ አልቀረም። እሱ ግን የእርስዎን ቃል ይዞ ነበር። ብዙ አባቶች ይህን የሚነግራቸው ሰው አያገኙም። ሚስታቸው ላይ የሆነውን እያዩ "ድካም ነው፣ ያልፋል" ብለው ይቀመጣሉ። ለእርስዎ የወሰደብዎት ጥቂት ደቂቃ ነው። ለእኛ ቤት ግን ምን እንዳደረገ እነሆ በአደባባይ እመሰክራለሁ።

እማዬ፣ አንቺን በጽሑፍ ማመስገን ያሳፍራል። ግን ልሞክር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት ሌሊት ናቸው። አንዱ መጥባት ደግሞ መጥባት ብቻ አይደለም። ማስገሳት አለ፣ ዳይፐር መቀየር አለ፣ እሹሩሩ አለ፣ ያስተኙትን መልሶ ማንሣት አለ። ያንን ሁሉ ወሰድሽው። እኔ አጥብቼ እተኛለሁ፣ ቀሪው ያንቺ ነው። ለሰው ተርፎ ስለማይታይ እንጂ ሳይቆራረጥ የተተኛ የጥቂት ሰዓት እንቅልፍ ከመድኃኒቱ እኩል ሠርቶልኛል ብል ማጋነን አይሆንም። (ይቺ ናት ባለቤቴ ያጋነንሻት ያለኝ።)

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ያላልሽው ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ወልደሽ አሳድገሽ "እኛ በኛ ጊዜ" ብለሽ አልጀመርሽም። አንድ ሌሊት ስታለቅሺ ሳይሽ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩሽ። "እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም" አልሽኝ። ስለዚያ ገና ብዙ እንነጋገራለን።

ጓደኛዬ፣ አንቺ ቤታችን ስትገቢ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ሕፃኗ አልሮጥሽም። እኔ ጋ መጣሽ። ልጅቷን ለአባቷ ሰጥተሽ በሩን ዘጋሽው። "ልጅቷ ስትተኛ አንቺም ትተኛለሽ?" አልሽኝ። አልተኛም ነበር። እሷ ጭልጥ ብላ ተኝታ እኔ ጣሪያ ላይ አፍጥጬ አነጋ ነበር። ይህ ከተራ ድካም የሚለይ ምልክት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። የደከመ ሰው ዕድል ሲያገኝ ይተኛል።

ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየሽ "ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሰው ይህን ጥያቄ የሚፈራው ሐሳቡን አስገባባታለሁ ብሎ ነው። ሐኪሟ በኋላ እንዳስረዱን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ካለ ግን ለመናገር በር ይከፍታል። እኔ ያሰብኩት ያንን አልነበረም። የነበረብኝ ሌላ ነው። ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ልጅቷ ከእጄ ስታመልጥ ይታየኝ ነበር። ስለታም ነገር ሳይ ክፍሉን ጥዬ እወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአእምሮዋ የሚመላለስባት እናት ክፉ መሆን አለባት ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ነገርኩሽ። ፊትሽ አልተለወጠም። "ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ አብሬሽ ነኝ" አልሽ። ሄድን።

ይህን በግልጽ የምጽፈው አሁን እንዲህ እየሆነች ዝም ያለች እናት ታነበዋለች ብዬ ነው። ሳይፈለጉ የሚመጡ እንዲህ ያሉ አስፈሪ ምስሎች አዲስ ወላጆችን በብዛት ያጋጥማሉ። የሚያስደነግጧት፣ የምትሸሻቸው ከሆነ ልጇን ትጎዳለች ማለት አይደለም። ለሐኪም ይነገራሉ፣ ይታከማሉ። ሌላ ዓይነት ግን አለ። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ የሌለ ድምፅ ከተሰማ፣ እውነት ያልሆነ ነገር እንደ እውነት ከተያዘ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ያ የወሊድ ሳይኮሲስ የሚባለው፣ ከእውነታ የሚነጥል ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከ1000 ወላድ አንዷን ወይም ሁለቷን ነው የሚያጋጥመው፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብም እንደዚሁ።

ዶክተር፣ ከእርስዎ በፊት ያየኝ ባለሙያ "ሁሉም እናት ይደክማታል" ብሎ ሸኝቶኝ ነበር። እርስዎ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድባቴ ለመለየት የሚያግዘውን፣ 10 ጥያቄ ያለበትን የኤዲንብራ መጠይቅ ሰጡኝ። ስላለፉት 7 ቀናት ብቻ የሚጠይቅ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ፣ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። ከ30 ነው የሚታረመው። የፈተና ውጤቴ ከፍ ብሎ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እርስዎ ግን ቁጥሩ ብቻውን ምርመራ እንዳልሆነ ነግረውኝ ወረቀቱን አስቀምጠው ያዳምጡኝ ጀመር። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ደሜንም አስመረመሩ። እስከዚያ ድረስ የሰነፍኩ ይመስለኝ ነበር። በምርመራ የሚታይ ነገር መሆኑ ራሱ እፎይታ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። በታዳጊ አገሮች ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ይህን ሲነግሩኝ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ልጅ ታቅፈው የተቀመጡትን ሴቶች አሰብኩ። የንግግር ሕክምና አስጀመሩኝ። መድኃኒቱን ስፈራም አልተቆጡኝም። ያዘዙልኝ የድባቴ መድኃኒት፣ ሰርትራሊን፣ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት እንደሆነ፣ ማጥባቴን ማቆም እንደሌለብኝ፣ ለውጡ ግን በሳምንታት እንጂ በአንድ ጀምበር እንደማይመጣ በትዕግሥት አስረዱኝ። ልክ እንዳሉት ሆነ። አንድ ጠዋት ሻይዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጥቼ ጨርሼ፣ መጣፈጡ ገርሞኝ ተቀመጥኩ።

በየሳምንቱ የምንገናኝ የእናቶች ቡድናችንን እንዴት እረሳለሁ? ቡድኑን የምትመራው እህታችን "እኔ ሳይኮሎጂስት አይደለሁም" ማለት ታበዛለች። አትሁኚ። ፓኪስታን ገጠር ውስጥ እንዳንቺ ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ በእርግዝናቸው ጊዜ ድባቴ የያዛቸውን እናቶች በንግግር ረድተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ድባቴ የነበረባቸው እነሱ ካገዟቸው እናቶች 23 በመቶው ሲሆኑ፣ ይህን እገዛ ካላገኙት መሰሎቻቸው ግን 53 በመቶው ነበሩ። ስለዚህ ያቺን "አይደለሁም" ተያትና ቡድኑን ቀጥይልን።

ጎረቤታችን እትዬ፣ ሰው ሁሉ "የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ" ይለኝ ነበር። ከልባቸው ነው፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ግን የሚያስፈልገኝን ማሰብ፣ ማንን እንደምጠይቅ መምረጥ፣ ደውሎ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ተራራ ነበር። እርስዎ አልጠየቁኝም። "የሚታጠብ ልብስ ልወስድ ነው የመጣሁት" ብለው በር ላይ ቆሙ። በቃ። ወስደው አጥበው፣ አጣጥፈው መለሱ። በማግስቱም እንደዚያው። አንድም ቀን የቤቱን መዝረክረክ አይተው ፊትዎ አልተቋጠረም።

አሁን ወደ ባለቤቴ። እኔ ማገገም ስጀምር እሱ መውረድ ጀመረ። አላለቀሰም። በትንሹ ይቆጣል፣ ሥራ ቦታ ያመሻል፣ ቤት ሲገባ ዝም ይላል። ደረቴን ይጫነኛል ይል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንተ የሥራ ባልደረባው ምሳ ላይ "ልጅቷና እናቷስ ይሁን፣ አንተስ?" አልከው። ከወለድን ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው አንተ ነበርክ። ማታ ገብቶ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ።

አባትን ድባቴ ይይዘዋል ብሎ ማን ያስባል? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ከአባቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚያጋጥም አሳይቷል። የሚበዛውም ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። ጠያቂው ሁሉ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። ለአለቃውም ምስጋና አለን። ምክንያቱን ሳያብራራ በጊዜ እንዲወጣ ፈቅደውለታል። ያ ሰዓት የምክር አገልግሎት የሚያገኝበት ሰዓት ሆነለት።

አንዳንዶቻችሁ "ልጅ ተሰጥቶሽ ምን ጎደለሽ" ብላችሁኛል። ከክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ ግን አትበሉ፤ ለማንም።

ደጃፍ ላይ የመለስናችሁ፣ ስልክ ያላነሣንላችሁ፣ ልጅቷን ሳታዩ ወራት ያለፋችሁ ዘመዶቻችን፣ ቅር ብሏችሁ ሳትቀየሙ የጠበቃችሁን እናንተንም እናመሰግናለን። በሩ አሁን ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ትተኛለችና ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ። ያስነሣት ሰው ራሱ ያስተኛታል።

ከአክብሮትና ከፍቅር ጋር፣
እናትና አባት