እነማን ናቸው «ሌሎች»?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካዊው የኮንግረስ አባል ሚኪ ሊላንድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አጀማመራችሁ ጥሩ ነበር። የሂውስተን ልጅ መሆኑን፣ ፋርማሲ መማሩን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የባርባራ ጆርዳንን ወንበር ተረክቦ ኮንግረስ መግባቱን አንድ በአንድ አስቀምጣችኋል። ለአፍሮ ጸጉሩና ዳሺኪ ለሚባለው አፍሪካዊ ልብሱማ ሙሉ አንቀጽ! ሞቱ ላይ ስትደርሱ ግን «ሊላንድና ሌሎች ተሳፋሪዎች» ብላችሁ እልፍ።

ሌሎች? የማን ሌሎች?

አውሮፕላኗ እኮ የእኛው የዕርዳታ ማስተባበሪያ ትዊን ኦተር ነበረች። አብራሪውም የእኛው ሰው። ፉኝዶ ወዳለው የሱዳን ስደተኞች ካምፕ ስትሄድ ጋምቤላ አካባቢ ተራራ ገጭታ 16 ሰው አለቀ፣ አሜሪካዊውም ኢትዮጵያዊውም።

ቀኑን አልረሳውም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። ያኔ የዕርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አውሮፕላኗ ጠፍታ ስድስት ቀን ስትፈለግ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሬዲዮ ላይ ተለጥፈን ነው የከረምነው። ለእኛ «ሌሎች» የሚባል ሰው አልነበረም።

ጽሑፉ ስለ እሱ ነው፣ የሁሉንም ታሪክ መጻፍ አንችልም ትሉ ይሆናል። እሱስ ልክ ነው። ሰውየውንም ላሳንሰው አይደለም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለደርግ አገር ምን ዕርዳታ ያስፈልገዋል የሚል ሲበዛ፣ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕርዳታ እንዲጸድቅ ከታገሉት ዋናው እሱ ነው። አዲስ አበባም መንገድ ሰይማለታለች (ባለታክሲውን «ሚኪ ሊላንድ መንገድ» በሉት እስቲ፣ ቺቺንያ ካላላችሁት አይነቃነቅም)።

እኔ ዛሬ ሂውስተን ታክሲ እነዳለሁ። የኤርፖርቱ ዓለም አቀፍ ተርሚናል በስሙ ስለተሰየመ ተሳፋሪ «ሊላንድ ማነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ፤ አብረውት ስለሞቱት አበሾችም ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ፈረንጅ ባያውቅ አልፈርድበትም። በአማርኛ ለአማርኛ አንባቢ የምትጽፉት እናንተ ግን የገዛ ወገናችሁን «ሌሎች» ስትሉ ምን ልበላችሁ? ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ከፈረንጅ ጋዜጣ ሳነባት ኖሬ፣ ደግሞ ከእናንተ!

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። «ሌሎች» የምትለዋን አውጡና «አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን» ብላችሁ አርሙ። ቦታ ከጠበባችሁ ከአፍሮው ላይ ከርከም አድርጉለት።

ከሂውስተን፣ የድሮው መጋዘን ጸሐፊ