«ስብሰባ ሂድ» ስንል የትኛው በር እንደሆነም እንንገረው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ መጠጥ ሱስ የሚወጡ ጽሑፎች ጉዳቱን ዘርዝረው ሲያበቁ አብዛኛውን ጊዜ «እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል»፣ ወይም መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች ተገናኝተው የሚደጋገፉበትን ስብሰባ አስበው «ስብሰባ ሂድ» ብለው ይዘጋሉ። ለማቆም የቆረጠውን ሰው የሚቸግረው ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። የት ይሄዳል? ማን ይቀበለዋል? ምን ይጠየቃል? ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎችን በመደገፍ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ ነን፤ ይህ ክፍተት ስለሚያሳስበን ጻፍን።

ከሁሉ በፊት ጤናው ይቅደም። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ማቋረጡ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። አንጎል የአልኮልን ማደንዘዝ ለመቋቋም ራሱን ሲያነቃቃ ስለኖረ፣ ማደንዘዣው በድንገት ሲነሳ መነቃቃቱ ልጓም ያጣል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ራስን አስቶ የሚጥል መንዘፍዘፍ፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሐኪም ዘንድ ነው። ስብሰባው ከሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳል እንጂ አይተካውም።

ስብሰባዎቹም ዓይነታቸው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክረን ከተማ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚያልፉባቸውን 12 ደረጃዎች ይከተላል፤ ስለ አምላክም ይነሳል፣ ግን እያንዳንዱ በተረዳው መጠን ነው። ይህ የማይመቸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ አለለት፤ እዚያ የሚሠራው አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ ነው። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ምዝገባም የአባልነት ክፍያም የለም፤ የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የመዋጮ ቅርጫት ሲዞር አዲስ ሰው ቢያሳልፈው ማንም ቅር አይለውም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን «ክፍት» እና «ዝግ» የሚባለውን ሳይለይ በመሄዱ ነው። ክፍት ስብሰባ ላይ ቤተሰብም ወዳጅም ይገባል። ዝግ የሆነው ለራሳቸው ለባለጉዳዮቹ ብቻ ነው። እህቱ ይዛው ዝግ ስብሰባ ላይ ብትደርስ እሷ ከደጅ ትመለሳለች፤ እሱም አብሯት ይመለስና ያ ቀን በዚያው ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያሻል። ቤተሰብ ለራሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ አል-አኖን የሚባል የተለየ ማኅበር አለው።

በመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ስብሰባው ራሱ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል፤ አዲስ ሰው ሰላምታ የሚያገኘውና ስልክ ቁጥር የሚቀበለው ግን ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ ነው። ልክ ሲጀመር ገብቶ ልክ ሲያልቅ የሚወጣ ሰው ንግግር ሰምቶ ይሄዳል፣ ሰው ግን አያገኝም። ተራው ሲደርስ «ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ይችላል። የአባቱን ስም መናገር አይጠበቅበትም። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲናገር ሌላው መሀል ገብቶ አይመክርም፣ አይመልስም፤ ይህ ዝምታ ለአዲስ ሰው ግዴለሽነት ሊመስለው ስለሚችል ቀድሞ ቢነገረው ደግ ነው።

ሁለት ሦስት ስልክ ይዞ ከወጣ፣ በዚያው ምሽት አንዱ ጋ ይደውል። «ዛሬ የመጣሁት አዲሱ ነኝ፣ ስልኩ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው» ቢል ይበቃል። የመጠጥ አምሮት በመጣ ሰዓት ለማያውቁት ሰው መደወል ተራራ መግፋት ነው፤ አንዴ የተደወለለት ሰው ግን ባዕድ አይሆንም። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስፖንሰር የሚባለው፣ ቀድሞ መጠጥ ያቆመና ለአዲሱ መንገዱን ከፊት ሆኖ የሚያሳየው አባልም ከእነዚህ ሰዎች መካከል ይገኛል፤ ከተመሳሳይ ጾታ ቢሆን ይመረጣል፣ እስኪገኝ ድረስም ጊዜያዊ መጠየቅ ይቻላል።

አንዱን ቡድን አይቶ «ለእኔ አይሆንም» ማለት መቸኮል ነው። ቡድን ከቡድን በጣም ስለሚለያይ፣ ከመወሰኑ በፊት አምስት ስድስት የተለያዩ ቦታዎች ቢሞክር እንመክራለን። በአካል የማይመቸው በዙም ይገባል፣ ካሜራ መክፈት ባይፈልግ ግድ የለም። ያገረሸበት ሰውም ተመልሶ ይምጣ፤ የሚያስወጣው የለም።

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰውን ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በተደራጀ መንገድ የሚያስገባ ድጋፍ ጨርሶ ካለመጠጣት አንጻር ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። «ሂድ» ብሎ ከመሸኘት ያለፈ ድጋፍ ማለት ነው።

ጋዜጣችሁም በዚህ ሊያግዝ ይችላል። በአንድ ጥግ የስብሰባዎቹን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ክፍት ይሁኑ ዝግ፣ እንዲሁም የሚደወልበትን የቡድኑን ስልክ አውጡልን። ዝርዝሩን በየወሩ እየደወላችሁ አረጋግጡት፣ ቡድኖች ቦታና ሰዓት ይቀያይራሉና። ስብሰባው ብዙ ጊዜ በአዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል ስለሚሆንና ማታ ዋናው በር ስለሚዘጋ፣ መግቢያው በየት በኩል እንደሆነም ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
በማገገም ድጋፍ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ